የአሳዳጁ፣ የተሳዳጁና የተቀባዩ ወረቀት፦ የናዚ ዘመን የአይሁድ ስደተኞች ሰነዶች ዳሰሳ

የናዚ መንግሥት ከ1933 እስከ 1945 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአውሮፓ አይሁዳውያን ላይ የፈጸመውን ግፍና ከዚያ ለማምለጥ የሞከሩትን ሰዎች ዕጣ የሚመዘግቡት ሰነዶች፣ ከሁሉ በፊት የሚለያዩት በጻፋቸው እጅ ነው። አንደኛው ክፍል ከአሳዳጁ መሥሪያ ቤቶች፣ ሁለተኛው ከተሳዳጆቹ፣ ሦስተኛው ደግሞ ስደተኞቹ ደጅ ከጠኑባቸው መንግሥታት ሹማምንት የወጣ ነው። ሦስቱ ስለ አንድ ሰው በሚናገሩበት ጊዜ እንኳ የተለያየ ሰው የሚገልጹ ይመስላሉ፤ የዚህ ጥናት ዘርፍ ታሪክም በአመዛኙ ከሦስቱ ማንን ማመን ይገባል በሚለው ጥያቄ ዙሪያ የተሠራ ነው።

የአሳዳጁ ወረቀት እጅግ ብዙ የሆነው ግፉ በሕግና በደንብ ልብስ ስለተፈጸመ ነው። በ1935 የወጡት የኑረምበርግ ሕጎች አይሁዳውያንን ከዜግነት መብት ሲያወጡ፣ ማን አይሁዳዊ እንደሆነ የሚወሰነው በአያቶች በመሆኑ ሕዝቡ በሙሉ የልደትና የጋብቻ ማስረጃ ፍለጋ ተሰማራ። በሚያዝያ 1938 ሀብቱ ከ5,000 ራይኽስማርክ (የዘመኑ የጀርመን ገንዘብ) የሚበልጥ አይሁዳዊ ሁሉ ንብረቱን እንዲያስመዘግብ ታዘዘ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ የወጣው ደንብ ደግሞ ወንዶች «ኢስራኤል»፣ ሴቶች «ሳራ» የሚል ተጨማሪ ስም እንዲይዙ አስገደደ። ከአገር ለመውጣት የፈለገ ሰው የመሸሻ ግብር የሚባለውን ክፍያ መክፈል፣ ከግብር ዕዳ ነጻ መሆኑን ማረጋገጥና ይዞት የሚወጣውን የቤት ዕቃ እስከ ማንኪያው ድረስ፣ መቼ እንደተገዛ ጭምር፣ ዘርዝሮ ማቅረብ ነበረበት። ግብሩ በ1931፣ ማለትም ከናዚዎች በፊት፣ ገንዘብ ወደ ውጭ እንዳይሸሽ የታወጀ ነበር፤ አዲሱ መንግሥት የመዝረፊያ መሣሪያ አደረገው። ዛሬ እነዚህ ዝርዝሮች ባለቤቶቻቸው ከጠፉ በኋላ የአንድን ቤት መደርደሪያና የልጆች ክፍል የሚያሳዩ ብቸኛ ምስክሮች የሆኑበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የጻፏቸው ሰዎች ግን የጻፉት ለቀረጥ መርማሪ እንጂ ለታሪክ አልነበረም።

በጦርነቱ መጨረሻ ወራት ናዚዎች ብዙ መዝገብ ቢያቃጥሉም፣ የተማረከው ሰነድ በ1945 ለተጀመረው የኑረምበርግ የጦር ወንጀል ችሎት ዋና ማስረጃ ሆነ። በጥር 1942 በቫንዜ የተደረገው፣ የአይሁዳውያንን እልቂት ለማቀናጀት መሥሪያ ቤቶች የተሰበሰቡበት ጉባኤ ቃለ ጉባኤ በ30 ቅጂ ተባዝቶ ሳለ፣ የተገኘው በ1947 ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መዝገቦች መካከል የወጣው 16ኛው ቅጂ ብቻ ነው። ከተማረከው ሰነድ ብዙው ወደ አሜሪካ ተጓጉዞ በቨርጂኒያ በምትገኘው አሌክሳንድሪያ ከተማ ተከማቸና በማይክሮፊልም ከተቀረጸ በኋላ ወደ ጀርመን ተመለሰ። በዚያ ክምችት ላይ ከሠሩት አንዱ ራሱ ከቪየና የተሰደደው ራውል ሂልበርግ ሲሆን፣ በ1961 ያሳተመው ትልቅ ጥናት በአብዛኛው በጀርመን ወረቀቶች ላይ የቆመ ነው። ይህ አካሄድ የግድያውን አስተዳደራዊ አሠራር በማይስተባበል ማስረጃ አጋልጧል፤ ሆኖም የአሳዳጁን ቋንቋም ይዞ ይመጣል፤ ምክንያቱም በእነዚያ መዝገቦች ግድያ «ልዩ አያያዝ» ተብሎ ሲጻፍ፣ የተገዳዩ ድምፅ ከቶ አይሰማም።

ተሳዳጆቹ ግን ራሳቸው መዝጋቢ ለመሆን የጦርነቱን ማብቃት አልጠበቁም። በ1933 ከበርሊን ወደ አምስተርዳም የሸሸው አልፍሬድ ቪነር የናዚዎችን ድርጊት የሚከታተል የመረጃ ቢሮ አቋቁሞ፣ በኅዳር 1938 ምኵራቦች በተቃጠሉበትና 30,000 ያህል ወንዶች ወደ ማጎሪያ ካምፕ በተጋዙበት ማግስት፣ ከ300 በላይ የዓይን ምስክሮችን ቃል አሰባሰበ፤ ለደኅንነት ሲባልም የብዙዎቹ ስም እንዲቀር ተደረገ። ክምችቱ በ1939 ወደ ለንደን ተዛውሮ ዛሬም በስሙ የሚጠራው ቤተ መጻሕፍት ሆነ። እዚያው በ1950ዎቹ ኤቫ ራይሽማን የመራችው ሥራ ከ1,000 በላይ የምስክርነት ቃሎችን ጨመረ። በዋርሶ ደግሞ፣ አይሁዳውያን በግንብ ታጥረው በተዘጉበት ሰፈር (ጌቶ)፣ የታሪክ ምሁሩ ኢማኑኤል ሪንገልብሉም «ኦይነግ ሻበስ»፣ ማለትም የሰንበት ደስታ፣ የተባለውን ኅቡእ ቡድን አደራጀ። ቡድኑ የዕለት ማስታወሻ፣ የተማሪ ድርሰት፣ የራሽን ካርድ፣ የትራም ቲኬትና የከረሜላ መጠቅለያ ሳይቀር ሰበሰበ፤ ተራው ሰው እንዴት እንደኖረ የሚነግረው የትኛው ቁራጭ ወረቀት እንደሚሆን አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም የሚል ስሌት ስለነበረው ነው። በ1942 እና በ1943 ከተቀበረው ውስጥ አሥር የብረት ሣጥኖች በ1946፣ ሁለት የወተት ዕቃዎች በ1950 ከፍርስራሹ ሥር ወጥተዋል፤ ሦስተኛው ክፍል አልተገኘም። ሪንገልብሉም በ1944 ሲገደል፣ ከቡድኑ ጦርነቱን ያለፉት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ምስክርነትን ከጀርመን ወረቀት በታች አድርገው ይመዝኑ የነበሩ ተመራማሪዎች ለዚህ ክምችት ዘግይተው ቦታ መስጠታቸው የዘርፉ ትልቅ ጉድለት ነበር።

ሦስተኛው ዓይነት፣ የተቀባይ መንግሥታት ሰነድ፣ ብዙ ጊዜ የእምቢታ ሰነድ ነው። በሐምሌ 1938 የ32 አገሮች መልእክተኞች በፈረንሳይዋ ኤቪያን ተሰብስበው ስለ ስደተኞቹ ሲመክሩ፣ ከሐዘኔታ ንግግር አልፋ ብዙ ሰው እቀበላለሁ ያለችው ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ብቻ ነበረች። በአሜሪካ ለጀርመንና ለኦስትሪያ ተወላጆች በዓመት የተመደበው ኮታ 27,370 ሲሆን፣ አመልካቹ የመንግሥት ሸክም እንደማይሆን የሚያረጋግጥ የዘመድ ወይም የወዳጅ የገንዘብ ዋስትና ማቅረብ ነበረበት። ብሪታንያ ወደ 10,000 የሚጠጉ ልጆችን ያለ ወላጆቻቸው ተቀበለች፤ ጦርነቱ ሲጀመር ደግሞ አዋቂዎቹን ስደተኞች በጠላት ዜጋነት በችሎት ፊት አቅርባ በሦስት ደረጃ መደበቻቸው፤ የዚያ ውሳኔ ካርዶች ዛሬ በብሔራዊ ቤተ መዛግብቷ ይነበባሉ። በጀርመን አይሁዳውያን ፓስፖርት ላይ በ1938 የታተመችው ቀይ «ጄ» ፊደል ከስዊዘርላንድ ጋር በተደረገ ድርድር የመጣች መሆኗ በሰፊው የታወቀው፣ የተማረኩት የጀርመን ውጭ ጉዳይ ሰነዶች ታትመው በ1954 አደባባይ ሲወጡ ነው። በዚህ ክፍል ኢትዮጵያም ትገኛለች። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በጥር 1939 በሮም አምባሳደራቸው በኩል ለሙሶሊኒ ባስተላለፉት ደብዳቤ፣ በኢጣሊያ በተያዘችው ኢትዮጵያ ደቡባዊ ክፍል ስደተኞችን ማስፈር ይቻል እንደሆነ ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ ሙሶሊኒ አልተቀበለውም። አሜሪካ ወረራውን በሕግ ያላወቀች ሆና ስለ መሬቱ ከወራሪው ጋር ስትነጋገር፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በእንግሊዝ አገር ስደተኛ መሆናቸው ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሳይታይ የሚያልፍ ጉዳይ አይደለም።

የተበታተነውን ሁሉ ለማገናኘት ትልቁ ቁልፍ በጀርመን ባድ አሮልሰን ከተማ የሚገኘው ክምችት ነው። ከጦርነቱ በኋላ የጠፉ ሰዎችን ለመፈለግ የተቋቋመው ይህ ተቋም፣ የካምፕ መዝገቦችን፣ የማጋዣ ባቡር ስም ዝርዝሮችንና ከጦርነቱ በኋላ መጠለያ ያጡ ሰዎች የሞሏቸውን ቅጾች፣ በጠቅላላው 30 ሚሊዮን ያህል ሰነዶችን ይዟል፤ ለተመራማሪዎች የተከፈተው ግን ገና በ2007 ነው። ከ1994 ጀምሮ በአሜሪካ የሾዋ ፋውንዴሽን የቀረጻቸው ከ50,000 በላይ የቪዲዮ ምስክርነቶች ደግሞ ወረቀቱ ያልያዘውን፣ በተለይ በስደት አገር ከደረሱ በኋላ የኖሩትን ሕይወት፣ ያሟላሉ፤ ከክስተቱ አምስት አሥርት ዓመታት በኋላ የተነገሩ በመሆናቸው ግን ለቀንና ለቁጥር ጥያቄ ሌላ ማስረጃ ይፈልጋሉ።

ስለዚህ የአንዲት የቪየና ቤተሰብን መንገድ የሚከተል ተመራማሪ፣ የንብረት ምዝገባውን በኦስትሪያ መንግሥት ቤተ መዛግብት፣ በ1938 የአይሁድ ማኅበረሰቡ ጽሕፈት ቤት ያስሞላውን፣ ሙያን፣ የሚያውቁትን ቋንቋና በውጭ ያለን ዘመድ የሚጠይቅ የስደት መጠይቅ በኢየሩሳሌም፣ የልጇን መግቢያ በለንደን፣ የወላጆቹን የመጨረሻ ጉዞ ደግሞ በአሮልሰን ሊያገኝ ይችላል። በመጠይቁ ላይ ወዴት መሄድ ትፈልጋለህ ለሚለው ጥያቄ አንዳንዶች የአንድ አገር ስም ሲጽፉ፣ ሌሎች የትም ቢሆን ብለው መልሰዋል።