ሴንጢ በኪሱ የያዘ ልጅ… ጀግና ነው ወይስ ፈሪ?

ሰሞኑን ከሜክሲኮ ወደ ጀሞ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። መንገድ ላይ ጸጉራቸውን ያጎፈሩ ሁለት ልጆች ገቡ። ከፊቴ የተቀመጡት እናት ወዲያው ቦርሳቸውን ሳብ አድርገው እቅፋቸው ውስጥ ከተቱት። ልጆቹ ወርደው በሩ ሳይዘጋ ወሬው ተጀመረ።

"የዘንድሮ ልጅ ሁሉ እኮ በኪሱ ሴንጢ ነው የሚይዘው!" አሉ እናትየው።

"ድሮ ጠብ በቡጢ ነበር እትዬ። አሁን ወንድነትም ጠፋ!" ሲሉ ከጎናቸው የተቀመጡት ጎልማሳ ቀጠሉ። ረዳቱም ሂሳብ መቀበሉን ትቶ፣ ሰፈሩ ውስጥ ስለተወጋ ሰው ማውራት ያዘ።

ልጆቹ ግን ምን አደረጉ? ሂሳባቸውን ከፈሉ፣ ለአንዲት ነፍሰ ጡር ቦታ ለቀቁ፣ ወረዱ። በቃ፣ ጥፋታቸው ይኸው ነው!

እኔ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት የምለው ጠፍቶኝ አይደለም። ውድ አንባቢያን፣ እውነቱን ልንገራችሁና፣ እኔ ራሴ በአንድ ወቅት ሴንጢ የገዛሁ ልጅ ነኝ። ግማሽ ዋጋውን አዋጥቼበታለሁ። ይህንን ለጋዜጣ አንባቢ ቀርቶ ለእናቴም ተናግሬው አላውቅም።

የስንቅ ተማሪዎች

የተወለድኩት ደቡብ ወሎ፣ መካነ ሰላም አካባቢ፣ ማሻ ነው። አገሩን ለማታውቁት፣ መካነ ሰላም ከደሴ በአቅስታ በኩል ወደ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብሱም ብርዱም አይጣል ነው። እስላሙና ክርስቲያኑ በሰርግም በለቅሶም አይለያይም። ወንዱ ደግሞ ገና ከብት መጠበቅ ሲጀምር ዱላ ይይዛል። ዱላ ሳይዝ መንገድ የወጣ ወንድ ራቁቱን እንደወጣ ነው የሚቆጠረው።

በ2006 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ከአንድ የአገሬ ልጅ ጋር ከተማ ውስጥ ጠባብ ክፍል ተከራየን። በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤት እንሄድና እንጀራ፣ በሶና ሽሮ ተሸክመን እንመለሳለን። የስንቅ ተማሪ የነበረ ሰው ይህንን ኑሮ ያውቀዋል። ሐሙስ ሲደርስ እንጀራው ይሻግታል፣ ዓርብ በሶ ይበጠበጣል።

የከተማው ልጆች "ገጠሬ" ይሉን ነበር። እሱ ግድ የለም። ችግሩ ሌላ ነው። ሁለት ጊዜ ማታ ማታ መንገድ ላይ ጠብቀው ስንቃችንን ቀሙን። በሁለተኛው ጓደኛዬ ጥርሱ ተሰበረ። ለማን እንናገር? ለቤተሰብ ብንናገር "ትምህርቱ ይቅርባችሁ" ይሉናል። ለአስተማሪ ብንናገር "ፈሪዎች" እንባላለን። ስለዚህ ለማንም አልተናገርንም። በገበያ ቀን ሠላሳ ሠላሳ ብር አዋጥተን አንድ ሴንጢ ገዛን።

የመጀመሪያውን ሌሊት ለጥ ብለን ተኛን። አልዋሻችሁም፣ ደስ ይላል። ግን ሳምንት ሳይሞላ ጓደኛዬ ተለወጠብኝ። ድሮ ነገር ሲሸተው በሌላ መንገድ ዞሮ የሚሄድ ልጅ፣ ሴንጢዋን ከያዘ ወዲህ መሀል መሀሉን መሄድ ጀመረ። ድሮ "ይቅር" ብሎ የሚያልፈውን ቃል አሁን ዞር ብሎ "ምን አልክ?" ይላል። እኛ ሴንጢዋ የምትጠብቀን መስሎን ነበር። ለካ እሷ ናት ጠብ የምትፈልግልን!

ቦኖው ጋ

ነገሩ የሆነው ውኃ ልንቀዳ ቦኖ ተሰልፈን ነው። የጀሪካን ወረፋ! አስቡት፣ ለጀሪካን ወረፋ። የተጣላው ልጅ ስንቃችንን ከቀሙን አንዱ እንኳ አልነበረም። የክፍላችን ልጅ ነው፤ ከዚያ በፊት ደብተር አውሶናል። ተገፋፉ፣ ተሰዳደቡ፣ ሰው ሳቀ። ሳቁ ነው መሰለኝ ያበላሸው። ጓደኛዬ ሴንጢዋን አወጣና ጭኑ ላይ ወጋው።

በኋላ ሲያለቅስ "እንዳይሞት ብዬ እኮ ነው ጭኑን የወጋሁት" አለኝ። ይህንን ሐሳብ ብዙ ልጆች አፍ ላይ እሰማዋለሁ። "እግር አይገድልም" ይባላል። ፍጹም ስህተት ነው! በጭን ውስጥ ከልብ የሚመጣ ትልቅ የደም ሥር ያልፋል። እሱ ከተቆረጠ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ደሙ ፈስሶ ሊሞት ይችላል። የማይገድል ቦታ መርጦ መውጋት የሚባል ነገር የለም።

ልጁ አልሞተም። አንዲት ሴት ነጠላዋን አውልቃ ቁስሉን አፍና ይዛ ጤና ጣቢያ አደረሰችው። እግሩ ግን እስከ ዛሬ ይጎተታል። ጓደኛዬ ታሰረ፤ ትምህርቱ እዚያው ላይ ቀረ።

ሁለት ዓይነት ወሬ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በማግስቱ ከተማው ውስጥ የሚወራው "እነዚህ ገጠሬዎች አውሬ ናቸው" ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋቢ የለበሰ ተማሪ ሲያልፍ ሰው ይጠቋቆም ጀመር። እሁድ ወደ አገሬ ስወጣ ደግሞ ሌላ ወሬ ጠበቀኝ። አንድ አጎቱ "የልጅ ወንድ! አላስነካም አለ!" እያሉ ጠላ ይጠጣሉ።

አንዱ ጋ አውሬ፣ አንዱ ጋ ጀግና። እኔ ግን አብሬው ነበር የምተኛው። ሌሊት ሌሊት በሩን ሁለት ሦስት ጊዜ ተነስቶ ሲፈትሽ አውቃለሁ። አውሬም ጀግናም አልነበረም። የፈራ ልጅ ነበር። "የፈሪ ዱላ አሥር ነው" ይሉ የለ አባቶቻችን?

የታክሲዋን እናትና እኚያን አጎት ምን ያገናኛቸዋል ትሉኝ ይሆናል። ሁለቱም ልጁን አላዩትም። እናትየው ጸጉሩን አይተው ፈረዱበት፤ አጎት ወሬውን ሰምተው አሞገሱት። እኔ በቅርብ የማውቃቸው የስለት ጠቦች ሁሉ ደግሞ በሚተዋወቁ ሰዎች መሀል የተነሱ ናቸው። በአንድ ሰፈር፣ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ጠጅ ቤት። ቦርሳችንን ከማናውቀው ልጅ እንደብቃለን፤ የገዛ ወንድማችን ኪስ ውስጥ ያለውን ግን አንጠይቅም።

ሕጉስ ምን ይላል?

በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕጋችን የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። በአንቀጽ 555 መሠረት ከባድ የአካል ጉዳት አስቦ ያደረሰ ሰው እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ሊቀጣ ይችላል። ሰው ከሞተ በአንቀጽ 540 ተራ የሚባለው የሰው ግድያ እንኳ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። "እኔ ገና ልጅ ነኝ" የምትል ወንድሜ፣ 15 ዓመት ከሞላህ በመደበኛው ሕግ ትጠየቃለህ። 18 አለመሙላትህ ቅጣቱን ሊያቀልልህ ይችላል እንጂ ነጻ አያወጣህም። ራስን መከላከልም በሕጉ አለ፤ ግን ከመጣብህ አደጋ ጋር ተመጣጣኝ መሆን አለበት። ለግፊያ በስለት መመለስ መከላከል አይባልም።

ሽምግልናስ? በእኛ አገር ሽማግሌ ተቀምጦ ደም ያደርቃል። የጓደኛዬ አባት በሬያቸውን ሸጠው ለሕክምናና ለካሳ ከፈሉ። የተወጋው ልጅ እናት ደግሞ የጓደኛዬን እናት አቅፈው "አብሽሪ እታለም፣ እኔም የወንድ ልጅ እናት ነኝ" ሲሉ በዓይኔ አይቻለሁ። ያ ቀን ባይኖር ኖሮ ነገሩ ወደ ወንድሞቻቸው ይዞር ነበር። ሽምግልና ቤተሰብን ከቂም ያድናል። ከባድ ጉዳት ሲሆን ግን የመንግሥትን ክስ አያስቀርም፤ አላስቀረምም።

የፈረንጅ አገር ልጆችም…

ይህ የእኛ ብቻ ጉድ እንዳይመስላችሁ። የስኮትላንዷ ግላስጎው ከተማ በወጣቶች የስለት ጠብ ስሟ የጠፋ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2005 የአካባቢው ፖሊስ ነገሩን እንደ ተላላፊ በሽታ የሚያይ ልዩ ክፍል አቋቋመ። በ2008 ደግሞ የቡድን ጠበኛ ልጆችን ፍርድ ቤት ጠርተው ሰበሰቧቸው፤ ሊፈርዱባቸው አይደለም። ፖሊሱ ተናገረ፣ ቁስል የሚሰፋው ሐኪም ተናገረ፣ ልጇን ያጣች እናት ተናገረች። ከዚያም "መተው የምትፈልግ፣ ትምህርትና ሥራ እንፈልግልሃለን" ተባሉ። በአሥር ዓመት ውስጥ በስኮትላንድ የሚገደለው ሰው ቁጥር ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ። እስሩ አልቀረም፤ ግን ልጁን "ምን አስፈራህ?" ብሎ የጠየቀው ሰው ተገኘ።

እና ምን እናድርግ?

ወላጆችና ታላላቆች፦ ከፍራሽ ሥር ሴንጢ ካገኛችሁ ከጩኸትና ከጥፊ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ። "ማንን ፈርተህ ነው?" በሉት። መልሱን ካገኛችሁ ትምህርት ቤት ሂዱለት፣ መንገድ ቀይሩለት፣ አብራችሁት ውጡ።

ጓደኞች፦ ሲጣሉ አትሳቁ፣ በስልክ አትቅረጹ። ቦኖው ጋ የሳቀው ሰው ዝም ቢል ኖሮ የጓደኛዬ ሕይወት ሌላ ይሆን ነበር።

እህቶቻችን፦ "አያስነካም" የሚባለውን ልጅ አታድንቁት። ለእናንተ ሲል ያወጣውን ነገር ነገ እናንተው ላይ ሊያወጣው ይችላል።

ሰው ከተወጋ፦ ስለቱ ሰውነቱ ውስጥ ካለ አትንቀሉት። ከሌለ በንጹሕ ጨርቅ ቁስሉን አጥብቃችሁ ተጫኑ፤ "ቆመ ወይ" እያላችሁ አትግለጡት። አዲስ አበባ ላይ ከሆናችሁ ለፖሊስ 991፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ።

በኪስህ የያዝክ ወንድሜ ደግሞ፦ እኔም እንደ አንተ በደንብ ተኝቼ አውቃለሁ። ግን ከዚያ በኋላ ስንት ሌሊት እንዳልተኛሁ ልነግርህ አልችልም። ስለቱን የያዘው ጓደኛዬ ነው፤ ሠላሳ ብሩ ግን የእኔ ነው።

ጓደኛዬ ዛሬ ከእስር ወጥቶ ገበሬ ሆኗል። በመጨረሻ ስንገናኝ ስለዚያ ቀን አላነሳንም። ስንለያይ ብቻ "አንተ እንኳን ትምህርትህን ጨረስክ" አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት?

የታክሲዋ እናት ይህንን ካነበቡ አንድ ነገር ልለምንዎት። በሚቀጥለው ጊዜ ቦርሳዎን ሲይዙ ይያዙ፣ አልቃወምም። ማታ ግን ቤትዎ ሲገቡ የራስዎን ልጅ "ዛሬ መንገዱ እንዴት ነበር?" ይበሉት።

ቸር እንሰንብት!