«ዛሬ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?»፦ በሙግት ቢሮ ያሳለፍኩት ክረምት

እናቴ ከሥራ ስትገባ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ የምትጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ዛሬ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ መልስ ጠፍቶኝ አያውቅም። ባለፈው ክረምት ግን አሥር ሳምንት ሙሉ «ደህና ነበር» ከማለት ሌላ የምነግራት አልነበረኝም። ልደብቃት ፈልጌ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን የፈረምኩት ወረቀት አፌን ይዞት ነው።

(ክረምት የምለው በኛ አቆጣጠር ነው። እዚህ ማውንቴን ቪው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ጠብ የሚል ነገር የለም፤ ኮረብታው ሁሉ እንደ ደረሰ ጤፍ ቢጫ ነው።)

የሕግ ተማሪ ነኝ። አንደኛ ዓመትን እንደጨረስኩ ከካስትሮ ጎዳና ብዙ በማይርቅ አንድ የሙግት ቢሮ ኢንተርን ሆኜ ገባሁ። ይህን ከመጻፌ በፊት አለቃዬን አስፈቅጃለሁ። «ስለ ደንበኞች አንድም ቃል እንዳትጽፊ፤ ስለ ራስሽ የፈለግሽውን» አለችኝ። ስለዚህ የምጽፈው ስለ ራሴ ነው። ስለ አንዲት የሰፈር እናትም አለበት፤ እሳቸውም ፈቅደውልኛል፣ ስማቸው ካልተጠራ።

በኛ ሰው ዘንድ ጠበቃ ማለት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማለት ነው። «ሙግት» ስል ደስ ያለው አባቴ ብቻ ነበር። ልጅ ሆኖ አያቱ ስለ «ተጠየቅ ልጠየቅ» ያወሩለት ነበር፤ ተሟጋቾቹ ዛፍ ሥር ቆመው፣ ኩታቸውን አጣፍተው፣ በቅሎና ማር እየተወራረዱ በቃል ሲፋለሙ። እኔም እንዲያ የምሆን መሰለው። እውነቱ ግን፣ በአሥሩ ሳምንት ውስጥ ዳኛ ፊት ክርክር ያየሁት ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ ሳን ሆዜ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ያውም የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ። እዚህ አገር አብዛኛው የፍትሐ ብሔር ክስ ችሎት ሳይደርስ በስምምነት ያልቃል። የቀረው ጊዜ ንባብ ነው። ኢሜይል ማንበብ፣ ውል ማንበብ፣ እንደገና ኢሜይል።

እያንዳንዱ ገጽ ተራ ቁጥር አለው። እያንዳንዱ ሰዓት ደግሞ በአሥር ይከፈላል፤ የሥራ መዝገባችን የሚሞላው በስድስት ስድስት ደቂቃ ነው። ልጆች፣ የቤት ሥራችሁን «0.1 ሰዓት እርሳስ ቀረጽኩ» እያላችሁ ብትመዘግቡ አስቡት። እኔ በሁለተኛው ሳምንት ሻይ ሳፈላ ሁሉ መቁጠር ጀምሬ ነበር።

አባቴን በጣም ያስገረመው «ዲስከቨሪ» የሚባለው ነገር ነው። ከሳሽና ተከሳሽ ክርክሩ ችሎት ሳይደርስ ሰነዳቸውን ይለዋወጣሉ። ሌላው ወገን በደንቡ መሠረት ከጠየቀህ፣ የሚጎዳህንም ወረቀት ቢሆን ታወጣለህ። ከጠበቃህ ጋር የተነጋገርከው ግን ይጠበቅልሃል። «እንዴ፣ ጠላትህን በገዛ እጅህ ታስታጥቃለህ?» አለኝ አባዬ። አዎ፣ ታስታጥቃለህ። የደበቅክ እንደሆነ ደግሞ ዳኛው ይቀጣሃል።

ማታ ማታ ለራሴ የማነበው ሌላ ነበር። አንድ ቀን የፍርድ መፈለጊያው ውስጥ «ኢትዮጵያ» ብዬ ጻፍኩ። ካነበብኳቸው ሁሉ ሁለቱ አልለቅ አሉኝ።

አንደኛው የሦስት ሴቶች ክስ ነው። እጅጋየሁ ታዬ አትላንታ ውስጥ ኮሎኒ ስኩዌር በሚባል ሆቴል አስተናጋጅ ሆና ትሠራ ነበር። በ1989 (እ.ኤ.አ.) እዚያው ሆቴል ሻንጣ ተሸካሚ ሆኖ የሚሠራ አንድ ሰው አየችና አወቀችው። ቀልቤሳ ነገዎ ነው፤ በቀይ ሽብር ዘመን የአዲስ አበባ ከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር የነበረው፣ እሷን ያሰቃያት ሰው። እሷና ሌሎች ሁለት ሴቶች፣ ኤልሳቤጥ ደምሴና ሂሩት አበበ፣ በ1990 ከሰሱት። የተጠቀሙበት ሕግ የወጣው በ1789 ነው። የውጭ አገር ሰው የዓለም አቀፍ ሕግ ተጥሶ በደል ሲደርስበት አሜሪካ ፍርድ ቤት እንዲከስ የሚፈቅድ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ለብዙ ዘመን የተረሳ። በ1993 ፈረደላቸው፤ ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር። ይግባኝ ሰሚው በ1996 ፍርዱን አጸና። ሰውዬው በመካከሉ አግኝቶት የነበረውን የአሜሪካ ዜግነት ኋላ ተነጠቀ፤ በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተላከ። እዚያ ደግሞ በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበት ነበር።

ይህን ለእናቴ መንገር እችል ነበር፤ የአደባባይ ፍርድ ነው። ነገርኳት። ሽንኩርቱን መክተፏን አቆመች፤ ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «ሻንጣ ተሸካሚ?» አለች። ሌላ አልተናገረችም። እኛ ቤት ስለዚያ ዘመን ብዙ አይወራም፤ እኔም አልገፋኋትም።

ሁለተኛው ለኛ ሰፈር ይቀርባል። በ2014 ኪዳኔ በሚል የብዕር ስም የቀረበ፣ ሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን ፍርድ ቤት ከሰሰ። ጠበቆቹ ከዚህ ከሳን ፍራንሲስኮ ነበሩ፤ ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ከሚባለው ድርጅት። ክሱ እንዲህ ይላል፦ ከኢሜይል ጋር በተላከ ሰነድ ውስጥ ፊንስፓይ የሚባል መሰለያ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገባ። የስካይፕ ንግግሩን ቀዳ፣ ኢሜይሉን ገለበጠ፤ ልጁ ለታሪክ የቤት ሥራ ኢንተርኔት ላይ የፈለገውን ሳይቀር መዘገበ።

ታዲያ ተሸነፈ። መሰለል አልተሰለለም ተብሎ ግን አይደለም። የውጭ መንግሥት እዚህ አገር የሚከሰሰው በ1976ቱ ሕግ በተዘረዘሩት ቀዳዳዎች ብቻ ነው። ፍርድ ቤቱ «ድርጊቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሜሪካ ውስጥ የተፈጸመ መሆን አለበት፤ ይህ ግን ከውጭ አገር የታቀደና የታዘዘ ነው» አለ። ይግባኝ ሰሚውም መጋቢት 2017 (እ.ኤ.አ.) አጸናው። ሰውዬው ሳሎኑ ውስጥ፣ የገዛ ኮምፒውተሩ ላይ ነው የደረሰበት። ፍርዱ አሁንም አይዋጥልኝም። ግን ይህ ነው የሙግት ትምህርት የሚጀምረው፤ «እውነቱ ምንድን ነው?» ከሚለው በፊት «ይህ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ማየት ይችላል ወይ?» የሚለው ይመጣል።

ወደ ቢሮው ልመለስ። በአምስተኛው ሳምንት የልምምድ «ዲፖዚሽን» አደረግን። ዲፖዚሽን ማለት ምስክር ከችሎት በፊት፣ ቢሮ ውስጥ፣ ምሎ ቃሉን የሚሰጥበት ነው። ጠበቃው ይጠይቃል፤ ጸሐፊዋ በትንሿ መኪና እያንዳንዱን ቃል ትይዛለች። አብዛኛውን ጊዜ እስከ ሰባት ሰዓት ሊቆይ ይችላል። እኔን ምስክር አደረጉኝና «በአማርኛ መልሺ፤ በአስተርጓሚ እንለማመድ» አሉ። ጉዳዩ የፈጠራ ነው፤ የወጥ ቤት ዕቃ ሽያጭ።

ጀመርን። «ደብዳቤው ደርሶሻል?» እኔ እንደ አክስቶቼ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ «ህ!» አልኩ፤ አዎ ማለቴ ነው። ጸሐፊዋ እጇን አነሳች። «ምስክሯ ደንግጣለች?» ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ያቺ ትንፋሽ በመዝገብ አትገባም። ራስ መነቅነቅም እንዲሁ።

ቀጥሎ የመጣው አላሳቀኝም። «ሻጩ ዋጋውን ሲነግርሽ ምን አልሽ?» «እሺ አልኩት።» አስተርጓሚው «ተስማማሁ» ብሎ ተረጎመው። ጠበቃው ወዲያው «ስለዚህ በዋጋው ተስማምተሻል» አለ፤ አለቀ። እኔ ግን ሰማሁህ፣ ይሁን ቀጥል ማለቴ ነበር። በቀን ስንት ጊዜ «እሺ» እንላለን? ስንቱስ ስምምነት ነው? አለቃዬ ያን ቀን ማስታወሻዋ ላይ የጻፈችው ስለዚህች ቃል ብቻ ነበር።

እግረ መንገዴን፦ ካሊፎርኒያ ችሎት ውስጥ በፍትሐ ብሔር ጉዳይም ቢሆን አስተርጓሚ በነፃ መጠየቅ ይቻላል፤ ቀደም ብሎ ለፍርድ ቤቱ ማሳወቅ ነው። ልጆች፣ ሐኪም ቤትና ባንክ ለወላጆቻችሁ እንደምታስተረጉሙ አውቃለሁ፤ እኔም ስምንት ዓመቴ ላይ ጀምሬአለሁ። ፍርድ ቤት ግን ያ ሸክም የናንተ አይደለም።

አሁን ወደ እትዬ። ጁላይ 12፣ ቅዳሜ፣ የእናቴ የማኅበር ጓደኛ የሆኑ ሴት ቡና ላይ አንድ ፌስታል ሙሉ ፖስታ ይዘው መጡ። «አንቺ የሕግ ሰው፣ እስቲ እይልኝ።» ማስታወቂያ፣ የመብራት ሒሳብ፣ ማስታወቂያ... ከሥር መጥሪያ! በክሬዲት ካርድ ዕዳ ተከሰዋል።

«ይህን ማን ሰጠዎት?»

«አንድ ጨዋ ልጅ። በር አንኳኩቶ ስሜን ጠርቶ ሰጠኝ። ግባና ቡና ጠጣ ብለው እቸኩላለሁ ብሎ ሄደ።»

«መቼ?»

«የሰኔ ሚካኤል ማግስት።»

ቆጠርኩ። ጁን 20 ነው። መልስ ለመስጠት ያላቸው 30 ቀን ነው፤ 22ቱ አልፏል። እትዬ ደግሞ «የፍርድ ቤት ቢሆን ፖሊስ ነበር የሚያመጣው» ብለው ፍሪጅ ላይ አስቀምጠውታል። እዚህ ግን የክሱ ባለጉዳይ ያልሆነ ዕድሜው ከ18 በላይ የሆነ ማንም ሰው መጥሪያ ማድረስ ይችላል። ዝም ካሉ ከሳሹ በሌሉበት ያስፈርዳል፤ ከዚያ ከደሞዛቸው መቁረጥ ይመጣል።

«በይ እንግዲህ መልሱን ጻፊልኝ» አሉኝ።

ቅጹን አውቀዋለሁ። አንድ ሰዓት አይፈጅብኝም። እውነቱን ለመናገር ብዕር አንስቼ ነበር። ግን ጠበቃ አይደለሁም፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለ ፈቃድ የጥብቅና ሥራ መሥራት ወንጀል ነው፤ ብሳሳት ደግሞ የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው። «አልችልም» አልኳቸው። ዝም አሉና ስኒያቸውን ገለበጡ።

ሰኞ አለቃዬን ጠየቅኋት። «የት እንደሚሄዱ ንገሪያቸው። ምን እንደሚሉ አትንገሪያቸው» አለችኝ። ረቡዕ ግማሽ ቀን ፈቃድ ወስጄ ከማውንቴን ቪው በካልትሬን ሳን ሆዜ ወሰድኳቸው፤ የሳንታ ክላራ ካውንቲ ፍርድ ቤት የራስ አገዝ ማዕከል። ሰልፍ አለው፤ ማልዶ መሄድ ይሻላል። ሠራተኞቹ ለማንም አይወግኑም፤ ቅጹን በነፃ ያስረዳሉ። እኔ ሠራተኛዋ ያለችውን በአማርኛ፣ እትዬ ያሉትን በእንግሊዝኛ ብቻ አልኩ፤ ከራሴ ምንም ሳልጨምር። ይህ ከባዱ ሥራ ነው። መልሱን ራሳቸው ፈረሙ፤ ገቢያቸው አነስተኛ ስለሆነ ከክፍያ ነፃ የሚያደርገውንም ቅጽ ሞሉ። አራት ቀን ሲቀር ገባ። ጠበቃ ለሚያስፈልገው ደግሞ የሳንታ ክላራ ዩኒቨርሲቲ ሳን ሆዜ ውስጥ የሕግ ማዕከል አለው፤ የሕግ ተማሪዎች በጠበቃ ቁጥጥር ሥር የሚያገለግሉበት። ኢስት ፓሎ አልቶም ኮሚዩኒቲ ሊጋል ሰርቪስስ አለ። «ኖተሪ» ብሎ የለጠፈ ግን እዚህ አገር ጠበቃ ማለት አይደለም፤ ፊርማ ማረጋገጥ ነው ሥራው።

በሚቀጥለው ማኅበር ላይ «ሕግ ተምራ ወረቀት መሙላት ፈራች» ተባለ። እናቴ ሰምታ መጣች። አመመኝ፤ ምክንያቱም ሐሰት አልነበረም፣ ፈርቼ ነበር። ለምን እንዳልጻፍኩ ለመጀመሪያ ጊዜ አስረዳኋት። እሷ የምትሠራው የቴክኖሎጂ ኩባንያ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። «የኛም እኮ እንዲሁ ነው» አለችኝ። «ፈተናውን አልፎ ካርድ ያላወጣ ሰው ምግብ አይነካም፤ የፈለገውን ያህል ወጥ ቢችል።» ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ «ዛሬስ ምን ሠራሽ?» ካለች በኋላ ራሷ «ተይው፣ ካርድ የለኝም» ብላ ትስቃለች።

የእትዬ ጉዳይ ገና አላለቀም። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሆኜ ደወሉልኝ፤ ከዚያ ቡና ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ሌላ ፖስታ መጥቷል። አልከፈትኩትም። የመጣበትን ቀን ግን ከላዩ ላይ ጽፌበታለሁ።»

«በፈረንጅ ነው በኛ?»

«በሁለቱም።»