ፍል ውሃና የመንግሥት መቀመጫ

ከኩየራ ተነሥቶ በሻሸመኔ በኩል ወንዶ ገነት የደረሰ ሰው፣ ከመሬት የሚወጣውን ፍል ውሃ ያውቀዋል። በአዲስ አበባም የመንግሥት መቀመጫ የተመሠረተው እንዲህ ባለ ውሃ አጠገብ ነው። ለመሆኑ ፍል ውሃንና መንግሥትን ምን አገናኛቸው?

የዳግማዊ ምኒልክ መናገሻ ቀድሞ ብርዳማው እንጦጦ ነበር። ከተራራው ግርጌ፣ ፊንፊኔ በሚባለው ሥፍራ ፍል ውሃ ስለነበር፣ ቤተ መንግሥቱ ለመታጠብና ለመታከም ወደዚያ ይወርድ ነበር። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. በአቅራቢያው ቤት አሠሩ፤ ሥፍራውንም አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ከዚያም ታላቁ ቤተ መንግሥት ከፍል ውሃው በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ታነጸ። ምክር ቤቱና ሌሎች መሥሪያ ቤቶችም በየጊዜው በአካባቢው ተሠሩ። ከአራት ኪሎ ቁልቁል ያለው የመንግሥት ሠፈር አጀማመሩ ይህ ነው።

ውሃውን የሚያሞቀውስ ምንድን ነው? በከፍታዎቹ ላይ ከሚዘንበው ዝናብ ከፊሉ በዓለት ስንጥቆች ወደ ጥልቀት ይሰርጋል። የምድር ሙቀት ከጥልቀት ጋር ይጨምራል፤ የምድር ቅርፊት በሳሳበት በስምጥ ሸለቆና በዳርቻው ደግሞ ጭማሪው ከፍ ይላል። የሞቀው ውሃ ከቀዝቃዛው ስለሚቀል፣ ከዓለቱም ማዕድናትን እያሟሟ፣ የመሬት ስብራት በከፈተለት መንገድ ሽቅብ ይመለሳል። የአዲስ አበባው ስብራት በዚሁ ውሃ ስም የፍል ውሃ ስብራት ይባላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ፍል ውሃ መኖሩ ብቻውን የመሬት መንቀጥቀጥ መቃረቡን አያመለክትም። ሆኖም አዲስ አበባ የስምጥ ሸለቆው ጎረቤት መሆኗን ያስታውሰናል። ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. በስምጥ ሸለቆው የደረሰው ብርቱ መንቀጥቀጥ መዲናይቱን አናውጧል፤ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመውም በከተማዋ ተሰምቷል።

በድንጋይና በጭቃ የተገነባ አሮጌ ግድግዳ ክብደትን ይሸከማል እንጂ ወደ ጎን ሲናወጥ በቀላሉ ይሰነጠቃል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ከፊሉ አንድነት ፓርክ ተብሎ ለጎብኚዎች ተከፍቷል። ስለዚህ ጥንታዊ ቤቶችን ማደስ ቀለም መቀባት ብቻ ሊሆን አይገባም፤ ግድግዳን ከግድግዳ፣ ጣሪያን ከግድግዳ አጥብቆ ማያያዝንም ይጨምራል። ቦታውን ያስመረጠን የምድር ጠባይ፣ አሠራራችንንም ሊወስን ይገባል እንላለን።