የፈረቃ ሠራተኛ የዋትስአፕ ግሩፕ እንዴት ነፍስ ይዝራ?

ናታንያ፣ ፖሌግ የኢንዱስትሪ ዞን። የእስራኤል የመጀመሪያው ኢኬያ በ2001 እ.ኤ.አ. የተከፈተው እዚህ ነው። በዞኑ የሌሊት ፈረቃ ሲወጣ የጠዋቱ ይገባል፤ በር ላይ ሰላም ከመባባል ያለፈ ጊዜ የለም። ስለዚህ ባልደረቦች የሚተዋወቁት በአብዛኛው በስልካቸው ነው።

በሰው ኃይል ሥራዬ ደጋግሜ የማየው ችግር አለ። አለቃው በዕብራይስጥ ረጅም መልእክት ይለጥፋል፤ ወጣቶቹ አውራ ጣት ይልካሉ፤ ዕብራይስጥ ማንበብ የሚከብዳቸው ከኢትዮጵያ የመጡ እናቶችና አባቶች ዝም ይላሉ። ዝምታቸው እንደ ስምምነት ይቆጠራል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ከጽሑፉ ሥር የግማሽ ደቂቃ የአማርኛ ድምፅ ጨምሩ፦ «እንደምን አደራችሁ፣ ነገ ሰርቪሱ ቀድሞ ይመጣል።» ሰዓቱን ስትናገሩ «ንጋት» ወይም «ረፋድ» በሉ። በሀገር ቤት አቆጣጠር 11 ሰዓት ሌሊት ሊነጋ ሲል ነው፤ በእስራኤል ግን ረፋድ። በዚህ መምታታት ምክንያት ሰው ከሥራ ይቀራል።

የሥራ ማስታወቂያና ጨዋታ አይደባለቁ። ዋትስአፕ ከ2022 ጀምሮ በርካታ ግሩፖችን በአንድ ጥላ ሥር ማሰባሰብ ያስችላል። ለቅሶ፣ ሠርግና ምርቃት የራሳቸው ቦታ ይኑራቸው። እድር ዳኛና ጸሐፊ እንዳለው ሁሉ፣ ከየፈረቃው አንድ ኃላፊ ምረጡ። ተግሣጽ ግን በግል ይነገር፤ ሽማግሌን በልጆቹ እኩዮች ፊት ማዋረድ ግሩፑን ይገድለዋል።

በ2008 እ.ኤ.አ. በእስራኤል በሕግ ብሔራዊ በዓል የሆነው የቤተ እስራኤል በዓል ስግድ ሲቃረብ፣ የፈረቃ ልውውጡን ከሳምንታት በፊት በግሩፑ ጀምሩ፤ ዕብራይስጥ ተናጋሪ ባልደረቦቻችሁንም ወደ በዓሉ ጋብዙ።