ከትራክተር እስከ ፌራሪ፦ የጣሊያን የስፖርት መኪኖች ዝና ለምን አልደበዘዘም?

በአዲስ አበባ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ባምቢስ ስሙን የወረሰው የግሪክ ተወላጅ ካቋቋመው ሱፐርማርኬት ነው። የጎረቤቱ የካዛንቺስ ስም ደግሞ ከጣሊያን ወረራ ዘመን የቀረ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም በነበረው የወረራ ጊዜ "ኢንቺስ" በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው የጣሊያን ተቋም ለመንግሥት ሠራተኞች ቤቶችን ሠርቶ ነበር። "ካዜ ኢንቺስ"፣ ማለትም የኢንቺስ ቤቶች፣ በሕዝብ አንደበት ካዛንቺስ ሆነ።

ከዚያ ዘመን የተረፈው የሰፈር ስም ብቻ አይደለም። ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ካንዴላ፣ ፍሬቻ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፣ ካቻቢቴ የሚሉት የጋራዥ ቃላት ሁሉ ምንጫቸው ጣሊያንኛ ነው። "ኤንትሬ" የሚባለው የፊያት የጭነት መኪና ጣርማበርን አቋርጦ ወደ ሰሜን እህልና ሸቀጥ ሲያመላልስ ኖሯል፤ "ሴይቼንቶ" የምትባለዋ ትንሿ ፊያትም በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ቀለም ተቀብታ በታክሲነት አገልግላለች። ኢትዮጵያዊው የሚያውቀው የጣሊያን መኪና እንግዲህ የሥራ መኪና ነው። ዓለም የሚያደንቃቸው ፌራሪና ላምቦርጊኒም የዚሁ የሙያ ባህል ልጆች ናቸው።

ከማሳ የወጣው ኮርማ

ፌሩቺዮ ላምቦርጊኒ እ.አ.አ በ1916 ከወይን አምራች ገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሮድስ ደሴት ወታደራዊ ተሽከርካሪዎችን ሲጠግን ቆየ። ከጦርነቱ በኋላ አገሩ የእርሻ መሣሪያ እንደቸገራት አይቶ፣ ከተጣሉ የጦር ተሽከርካሪዎች ክፍሎች ትራክተር መሥራት ጀመረ፤ በዚህም ከበረ።

ፌራሪ ገዝቶ ሲነዳ ግን ፍሪሲዮኑ አስቸገረው። ራሱ በኋላ እንደተረከው፣ ቅሬታውን ለኤንዞ ፌራሪ ቢያቀርብ "አንተ ትራክተር ንዳ" የሚል መንፈስ ያለው መልስ ተሰጠው። ታሪኩ በአፈ ታሪክ መልክ ቢነገርም ውጤቱ የታወቀ ነው፤ እ.አ.አ በ1963 የራሱን የስፖርት መኪና ፋብሪካ አቋቋመ። ኮከቡ ሠውር ስለነበር ዓርማው ኮርማ ሆነ። ከአሥር ዓመት በኋላ የትራክተር ሥራውን፣ ቀጥሎም የመኪናውን ድርሻ ሸጦ ወደ ወይን እርሻ ተመለሰ። በስሙ የሚጠሩ ትራክተሮች ዛሬም ያርሳሉ።

ለምን ይወደዳሉ?

የመጀመሪያው ምክንያት ውድድር ነው። ኤንዞ ፌራሪ በስሙ የተጠራውን የመጀመሪያ መኪና እ.አ.አ በ1947 በማራኔሎ ከተማ ያወጣው ለውድድር ነበር። የፌራሪ ቡድን የፎርሙላ አንድ የዓለም ሻምፒዮና ከተጀመረበት እ.አ.አ ከ1950 ወዲህ በየዓመቱ የተሳተፈ ብቸኛ ቡድን ነው። ደንበኛው የሚገዛው መኪናውን ብቻ ሳይሆን ይህን ታሪክ ጭምር ነው።

ሁለተኛው ሞተሩ ነው። ባለ 4 ሲሊንደር አይሱዙ ሞተሩ አንድ ዙር ሲዞር የሚገፋው ሁለት ጊዜ ነው። ባለ 12 ሲሊንደሩ የፌራሪ ሞተር ግን በአንድ ዙር ስድስት ጊዜ ይገፋል። ግፊቶቹ ስለሚቀራረቡ ንዝረቱ ይቀንሳል፣ ድምፁም ሳይቆራረጥ እንደ ዜማ ይወጣል።

ሦስተኛው የእጅ ጥበብ ነው። በቀደመው ዘመን የመኪናው አካል ላሜራ በመዶሻ እየተቀጠቀጠ በእጅ ይቀረጽ ነበር። ፒኒንፋሪና የተባለው የንድፍ ቤት እ.አ.አ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት አብዛኞቹን የፌራሪ መኪኖች ነድፏል።

አራተኛው፣ ምናልባትም ዋነኛው፣ ሆን ተብሎ የሚጠበቅ እጥረት ነው። ቶዮታ በዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ተሽከርካሪዎችን ሲሸጥ፣ ፌራሪ እ.አ.አ በ2023 ለመላው ዓለም ያስረከበው 13 ሺህ 663 ብቻ ነው። ፈላጊው ከአቅርቦቱ ስለሚበልጥ ዋጋው አይወርድም። እ.አ.አ ከ1962 ጀምሮ 36 ብቻ ከተሠሩት "250 ጂቲኦ" መኪኖች አንዱ በ2023 በኒው ዮርክ ጨረታ ከ51 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል። አርሶ አደሩ ይህን ሕግ ከገበያ ያውቀዋል፦ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሽንኩርት ሲያወጣ ዋጋው ይወድቃል፤ ጥቂት ሰው ብቻ የያዘው ምርት ግን ይወደዳል። ልዩነቱ ሽንኩርት ካልተሸጠ ይበሰብሳል፤ ፌራሪ ግን ይጠብቃል።

ለእኛ ያለው ትርጉም

ለኢትዮጵያ ገዢ እነዚህ መኪኖች ሩቅ ናቸው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ የሞተሩ መጠን በጨመረ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አድርጓል። በ2016 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። ፌራሪ ራሱም ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪና ለገበያ ለማቅረብ መነሣቱን ይፋ አድርጓል።

ለውጡ ከቅንጦት መኪና ይልቅ የጋራዥ ሙያተኛውን ይነካዋል። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላም ማርሚታም የለውም፤ በአብዛኛው ፍሪሲዮንም አያስፈልገውም። ትናንት በእነዚህ ክፍሎች ጥገና ቤተሰቡን ያስተዳደረ መካኒክ ባትሪን፣ የኤሌክትሪክ ሞተርንና የመቆጣጠሪያ ሶፍትዌርን ለመማር ዕድል ካላገኘ ገቢው ይጎድላል።

የፌሩቺዮ ታሪክ የሚጠቅመንም እዚህ ላይ ነው። የተነሣው ከቅንጦት ሳይሆን ከጥገና፣ ከቁርጥራጭ ብረትና ከገበሬው ችግር ነው። በየከተማችን በቶርኖ ቤት መለዋወጫ የሚቀርጹ እጆች አሉ፤ ማሳውም መሣሪያ ይጠብቃል። ያንን እጅ ከአዲሱ ዕውቀት ጋር ማገናኘት፣ አንድ ፌራሪ በጎዳናችን ሲያልፍ ከማየት የላቀ ዋጋ አለው።