እየሠራ የሚሰደድ ፕሮግራምና ግማሽ ገመዱ

አዳማ የኤሌክትሪክ ምንጭ ጎረቤቷ ነው። የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ በቅርብ ርቀት ያመነጫል፤ የአዳማ 1 እና የአዳማ 2 የነፋስ ማመንጫዎች ደግሞ በድምሩ 204 ሜጋዋት አቅም አላቸው። መብራት ግን ይሄዳል። ሲሄድም ሰርቨር ላይ ለቀናት ሲሰላ የከረመ ሥራ አብሮት ይሄዳል። መጠባበቂያ ባትሪው (ዩፒኤሱ) ቢታገስ ጥቂት ደቂቃ ነው። በዚያች ጊዜ ፕሮግራሙን ሳይሞት ነቅሎ ሌላ ማሽን ላይ መትከል ይቻላል? በሊኑክስ ላይ ይቻላል፤ ለዚህ የተሠራው መሣሪያ ክሪዩ ይባላል።

ክሪዩን እ.ኤ.አ. በ2011 የጀመረው ሩሲያዊው ፓቬል ኤመልያኖቭ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩ ሰዎች ነገሩን በሙሉ የሊኑክስ እምብርት በሆነው ኬርነል ውስጥ ሊያስገቡት ሞክረው፣ የለውጡ ብዛት አስፈርቶ ሳይገባላቸው ቀርቷል። ኤመልያኖቭና ጓደኞቹ ገልብጠው አሰቡት፤ ሥራው ከኬርነሉ ውጭ ይሁን፣ ከኬርነሉ የምንጠይቀው ትንንሽ ቀዳዳ ብቻ ነው አሉ። የመጀመሪያዎቹን ቀዳዳዎች እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ የተቀበለው አንድሩ ሞርተን፣ ሁሉም ነገር አንድ ቀን እንደሚሠራ ሠሪዎቹን ያህል እንደማያምን በግልጽ ጽፏል። ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ግን የክሪዩ ስሪት 1.0 በቀጣዩ ዓመት ኅዳር ወጣ። ዛሬ ዶከርም ኩበርኔቲስም ኮንቴይነርን፣ ማለትም ከሌላው ተነጥሎ የሚሠራ ፕሮግራምን፣ ባለበት ለማስቀመጥ የሚጠሩት ክሪዩን ነው።

ብዙ ሰው ከባዱ ማህደረ ትውስታውን ማጋዝ ይመስለዋል። እሱ ብዙ ነው እንጂ ውስብስብ አይደለም። 8 ጊጋባይት፣ በሰከንድ 1 ጊጋቢት በሚያሳልፍ መስመር፣ ከአንድ ደቂቃ ትንሽ አልፎ ይሄዳል። ያውም አብዛኛውን ፕሮግራሙ እየሠራ አስቀድሞ መላክ፣ መጨረሻ ላይ የተቀየረውን ብቻ መጨመር ይቻላል። ተንኮሉ ኔትወርኩ ላይ ነው።

በኮንቴይነር ውስጥ ያለ ፕሮግራም የራሱ የኔትወርክ ዓለም አለው፤ የራሱ አይፒ አድራሻ፣ የራሱ የመንገድ ሠንጠረዥ፣ የራሱ ፋየርዎል። ከውጭ የሚያገናኘው ቪኢዝ የሚባል፣ በሶፍትዌር ብቻ ያለ ባለ ሁለት ጫፍ ገመድ ነው። በአንዱ ጫፍ የገባ ፓኬት በሌላው ይወጣል። አንዱ ጫፍ ኮንቴይነሩ ውስጥ ኢቲኤች0 ተብሎ ይታያል፤ ሌላው ሰርቨሩ ላይ ብሪጅ ከሚባል የሶፍትዌር ስዊች ጋር ተገናኝቷል። ተከራይ ቤት ሲለቅ የቴሌቪዥኑን ገመድ ይዞ ይወጣል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ግን የአከራዩ ነው። ክሪዩም የሚያውቀው የውስጡን ጫፍ ብቻ ነው። የውጭው ጫፍ አዲሱ ማሽን ላይ ምን ተብሎ እንደሚጠራና የትኛው ብሪጅ ላይ እንደሚሰካ አይገምትም፤ ሰው ይነግረዋል። ይህ ግትርነት ሲያዩት ያናድዳል፤ እኔ ግን ትክክል ነው እላለሁ። ገምቶ የተሳሳተ መሣሪያ የአንዱን ኮንቴይነር ትራፊክ ከሌላው ሰው ኔትወርክ ጋር ሊያገናኝ ይችላል።

አሠራሩን በቅርብ እንየው። ኔትወርኩ ላይ መጀመሪያ በር ይዘጋል፤ ክሪዩ በፋየርዎል ሕግ ገቢና ወጪ ፓኬቱን ይጥላል። ይህ ካልተደረገ፣ ፕሮግራሙ በሌለበት ሰዓት የመጣን ፓኬት ኬርነሉ «እንዲህ ያለ ግንኙነት አላውቅም» ብሎ ይመልሰዋል፤ ወዲያ ማዶ ያለው ደንበኛም መስመሩን ይዘጋል። መልስ ካጣ ግን ይጠብቃል፣ ደጋግሞ ይልካል። ሊኑክስ በነባሪ ቅንብሩ ተስፋ የሚቆርጠው ከ15 ደቂቃ በላይ ቆይቶ ነው። ጊዜው የሚገዛው በዚህ ዝምታ ነው።

ቀጥሎ ኢንተርፌሱ፣ ማለትም የገመዱ የውስጥ ጫፍ፣ ይመዘገባል፦ ስሙ፣ ማክ አድራሻው፣ የፓኬቱ ከፍተኛ መጠን፣ ኬርነሉ የሰጠው መለያ ቁጥር ሳይቀር። አድራሻዎቹ፣ መንገዶቹና የፋየርዎል ሕጎቹ በየራሳቸው ፋይል ይቀመጣሉ። መለያ ቁጥሩ ምን ያደርጋል የሚል ካለ፣ ፕሮግራሙ ቀደም ብሎ ጠይቆ ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ሲነቃ ሌላ ቁጥር ካገኘ ይሳሳታል። አዲሱ ማሽን ላይ ባዶ የኔትወርክ ዓለም ተፈጥሮ ገመዱ በዚያው ስምና ቁጥር ይሠራል፤ አድራሻ፣ መንገድና ሕግ ይመለሱለታል። የቲሲፒ ግንኙነቶች ደግሞ ለዚሁ ተብሎ ኬርነሉ ውስጥ በገባ የጥገና ሁኔታ ይመለሳሉ፤ የቅደም ተከተል ቁጥራቸውና ያልተላከው ዳታ አንዲት ፓኬት ሳይወጣ ቦታ ቦታው ይገባል። በሩ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።

ሁሉም ዓይነት ኢንተርፌስ ግን አይሰደድም። ለኮንቴይነር የተሰጠ እውነተኛ የኔትወርክ ካርድ ብረት ነው፤ ክሪዩ አልችልም ብሎ ያቆማል። ማክቪላን የሚባለው ደግሞ አዲሱ ማሽን ላይ በየትኛው ካርድ ላይ እንደሚንጠለጠል ካልተነገረው አይነሳም።

ትልቁ እንቅፋት አድራሻው ነው። አንድ የቲሲፒ ግንኙነት የሚታወቀው በሁለቱ ወገኖች አይፒና የወደብ ቁጥር ነው፤ አንዱ ከተቀየረ ግንኙነቱ የለም። በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ሰርቨሮች በአንድ ስዊች ላይ ቢሆኑ እንበል፣ አድራሻው ሳይቀየር ይሻገራል፤ ስዊቹም የመጀመሪያዋ ፓኬት እንደወጣች አዲሱን ቦታ ይማራል። ሥራው አዲስ አበባ ላለ ሰርቨር ይሂድ ከተባለ ግን ሁለቱን ቦታዎች እንደ አንድ ኔትወርክ የሚያሳይ ዋሻ፣ ለምሳሌ ቪኤክስላን፣ መዘርጋት ያስፈልጋል። ይህ ለባንክ ወይም ለቴሌ ሊያዋጣ ይችላል። የመመረቂያ ሥራውን ለሚያሰላ ተማሪ ግን ዋናው ስሌቱ እንጂ ግንኙነቱ አይደለም፤ ክሪዩ ሲነሳ የቲሲፒ ግንኙነቶቹን ዝጋ የሚል አማራጭ አለው። ስሌቱ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ውጤቱን የሚያይበትን የብራውዘር ገጽ ግን በአዲሱ አድራሻ መክፈት አለበት።