ያውቁ ኖሯል? በአሰላ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ነው

አሰላ ከባሕር ወለል በላይ በ2,430 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየር ግፊቷ፣ ማለትም ከባቢ አየሩ በክብደቱ የሚያሳድረው ጫና፣ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ እንደሆነና ውሃም 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይደርስ በ92 ዲግሪ አካባቢ እንደሚፈላ ያውቁ ኖሯል?

ልዩነቱ ጎልቶ ከሚታይባቸው ምግቦች አንዱ ቻውደር ነው። ይህ ከዓሣ፣ ከድንች፣ ከሽንኩርትና ከወተት የሚሠራ ወፍራም ሾርባ ሲሆን፣ በአርሲ ደጋ ከአካባቢው ድንችና የከታር ወንዝ ከአርሲ ተራሮች ወርዶ ከሚገባበት ከዝዋይ ሐይቅ በሚወጣ ቆሮሶ ወይም አምባዛ ሊዘጋጅ ይችላል።

የድንችን ሕዋሳት እርስ በርስ የሚያያይዘው ፔክቲን የተባለው ንጥረ ነገር ሙቀቱ ዝቅ ባለ መጠን ቀስ ብሎ ስለሚላላ፣ ድንች በደጋ ከቆላው ይልቅ ዘግይቶ ይበስላል፤ እሳት ማብዛትም ውሃውን ቶሎ ያተንነዋል እንጂ ሙቀቱን ከፍ አያደርገውም። የዓሣ ሥጋ በአንጻሩ በ60 ዲግሪ ገደማ ስለሚበስል ከፍታው ብዙም አያዘገየውም፤ በመሆኑም ድንቹ ቀድሞ ይቀቀልና ከለሰለሰ በኋላ ዓሣው፣ ከዚያም ወተቱ ተጨምሮ ሳይንተከተክ በለስላሳ እሳት ይሞቃል።

ክዳኑ ጥብቅ የሆነው የግፊት ድስት እንፋሎቱን አፍኖ በውስጡ ያለውን ግፊት ስለሚጨምር፣ በዚሁ ከፍታ ላይ እንኳ የውሃውን መፍያ ከ100 ዲግሪ በላይ በማድረስ የድንቹን መቀቀያ ጊዜ ያሳጥራል።